የጠፋውን ድምፅ ከቤት ሳይወጡ መፈለግ

አባቶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለው ዝምታን ያመሰግናሉ፤ እነዚያው አባቶች ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለው ዝምታን ይነቅፋሉ። ሁለቱም ቃላት እውነተኞች ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ግን ጊዜና ቦታ አላቸው። በገበያና በጠብ መካከል ዝም ያለ ሰው ከብዙ መከራ ይድናል፤ በመምህሩ ፊት ዝም ያለ ተማሪ ግን ከትምህርቱ ይቀራል። ይህም ነገር ከሌላው ትምህርት ሁሉ ይልቅ በዜማ ትምህርት ጎልቶ ይታያል፤ ተማሪው ድምፁን ካላሰማ መምህሩ ምኑን ያርማል?

ዛሬ በዚህ ዓምዳችን የምናቀርበው ነገር በመጀመሪያ ሲያዩት ከመንፈሳዊ ትምህርት የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም በቤት ውስጥ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ማይክሮፎን የጠፋ እንደ ሆነ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ መግለጽ ነው። ዳሩ ግን በዘመናችን ብዙ ቤተሰብ በየሀገሩ ተበትኖ ስለሚኖር፥ ልጅ የእናቱን ምክር፥ ተማሪም የመምህሩን ቃል የሚሰማው በዚህ መሣሪያ አማካይነት ሆኗል። ስለዚህ የመሣሪያው አፍ ሲዘጋ የሚቋረጠው የመሣሪያው ሥራ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡም አንድነት ነው። ይህንንም ያስተማረን በቅርቡ በዐይናችን ያየነው አንድ ነገር ነውና፥ እርሱን በማስቀደም እንጀምራለን።

በደብረ ብርሃን ከተማ የምናውቀው አንድ ቤተሰብ አለ። የቤቱ ታናሽ ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አያቱ ደግሞ በአንኮበር የሚኖሩ፥ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በማኅሌት ሲያገለግሉ የኖሩ አረጋዊ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፥ ዳገቱና ጉሙ ለጉልበታቸው አልስማማ ስላለ ወደ ልጃቸው ቤት መምጣት ካቆሙ ቈይተዋል። ሆኖም ዜማቸውን ለልጅ ልጃቸው ሳያስረክቡ መሞትን አልወደዱምና፥ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጎረቤታቸው ልጅ ስልኳን ይዛላቸው፥ ሕፃኑም በቤቱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ፥ ውዳሴ ማርያምን በዜማ ያስተምሩት ጀመር። እርሳቸው አንድ ሐረግ ያዜማሉ፤ ልጁ ይቀበላል፤ እርሳቸው ያርማሉ፤ ልጁ ይደግማል። በትምህርቱ ሰዓት «የኔታ» ይላቸዋል፤ ትምህርቱ ሲያልቅ «አባባ» ይላቸዋል።

ይህ ሥርዓት ለብዙ ወራት ያለ ችግር ከሄደ በኋላ፥ በአንድ እሑድ የልጁ ድምፅ ጠፋ። ልጁ አያቱን ይሰማል፤ አያቱ ግን ልጁን አይሰሙም። «የኔታ፥ ይሰሙኛል?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። እርሳቸውም «ልጄ፥ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅህ ግን አይመጣልኝም» አሉ። በሁለተኛውም እሑድ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው እሑድ አረጋዊው ጥቂት ካዜሙ በኋላ አቋርጠው፥ «የማልሰማውን ልጅ አስተምሬዋለሁ ብል ራሴን ማታለል ነው፤ እንግዲህስ ይቅር» ብለው ስልኩን መለሱ።

አባትየውም በነገሩ እጅግ ስላዘነ ኮምፒዩተሩን ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙም ብዙ ሳይመረምር፥ ማይክሮፎኑ እንደ ሞተና በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምስሶ እንደ አዲስ ካልተጫነ እንደማይድን ነገረው። በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታላቅ ልጅ የጻፈቻቸው የትምህርት ጽሑፎች፥ ከዚያም በላይ ባለፉት እሑዶች የተቀረጸው የአረጋዊው ድምፅ ይገኛል። ቤተሰቡም «እንግዲህ ምን ይሻላል? የአያትን ድምፅ አጥፍተን የልጁን ድምፅ እናምጣን?» እያለ ሲጨነቅ እኛ ደረስን።

በዚያን ጊዜ ወደ ልባችን የመጣው በቅዱስ ወንጌል የተነገረው የዚያች ሴት ምሳሌ ነው። ከዐሥር ድሪሞች አንዱ በጠፋባት ጊዜ ወደ ገበያ አልሮጠችም፤ ቤቷንም አላፈረሰችም፤ መብራት አብርታ፥ ቤቷን ጠርጋ፥ እስክታገኘው ድረስ ተግታ ፈለገችው እንጂ። ድሪሙ የጠፋው ከቤት ውስጥ ነበርና የተገኘውም ከቤት ውስጥ ነው። እኛም ለአባትየው «ከመደምሰሱ በፊት መጀመሪያ ቤቱን እንጥረግ» አልነው።

ወደ ፍለጋው ከመግባታችን በፊት ግን ማይክሮፎን ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ማወቅ ይገባል፤ የማያውቁትን ነገር መፈለግ አድካሚ ነውና። ማይክሮፎን የከበሮ ዘመድ ነው። ከበሮን መቺው በእጁ ሲመታው የተወጠረው ቆዳ ይንቀጠቀጥና ድምፅ ይወጣል። በማይክሮፎን ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ መቺው የሰው ድምፅ ነው፤ ድምፁ በአየር ውስጥ መጥቶ እጅግ ስስ የሆነውን ሽፋን ያንቀጠቅጠዋል፤ ያም መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለወጣል። ኮምፒዩተሩም ያን ሞገድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቍጥር ይመልሰዋል፤ ቍጥሩም በመስመር ተጉዞ በሌላው ዘንድ እንደ ገና ድምፅ ይሆናል። በላፕቶፕ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ማይክሮፎን እጅግ ትንሽ ነው፤ ከውጭ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ብቻ ናት።

ድምፅን በመሣሪያ አሳድሮ ወደ ሩቅ መላክም ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት፥ በአንኮበርም የነገሡት ዐፄ ምኒልክ፥ ለዚህ ነገር ምስክር ናቸው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. ቃሏን በፎኖግራፍ አስቀርጻ ላከችላቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም የየራሳቸውን ቃል በዚያው ዓይነት መሣሪያ አስቀርጸው መለሱላት። የመጀመሪያውን ኤዲሶን በ1877 ዓ.ም. የሠራው ያ ዓይነት መሣሪያ ድምፅ የሚቀርጸው ያለ ኤሌክትሪክ ነበር፤ ተናጋሪው በቀንድ መሰል አፉ ሲናገር ስስ ሽፋን ይንቀጠቀጣል፤ በሽፋኑ ላይ ያለችው መርፌም በሰም ላይ ትቀርጻለች። እንግዲህ በዚያን ዘመን በመሣሪያው አፍና በሰሙ መካከል አንድም በር አልነበረም፤ የተናገረ ሁሉ ይቀረጽ ነበር። በዛሬው ኮምፒዩተር ግን በአፍና በመስመር መካከል ብዙ በሮች አሉ። ከበሮቹ አንዱ ከተዘጋ፥ ማይክሮፎኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንደ ሞተ ይቈጠራል። ስለዚህ ፍለጋው በሮቹን ከውጭ ወደ ውስጥ በቅደም ተከተል መፈተሽ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥፋቱ ከኮምፒዩተሩ ነው ወይስ ከመገናኛው ፕሮግራም የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህም በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገኘውን የድምፅ መቅጃ፥ በዊንዶውስ 10 «ቮይስ ሬኮርደር»፥ በዊንዶውስ 11 «ሳውንድ ሬኮርደር» የሚባለውን ከፍቶ ጥቂት ቃል ተናግሮ መልሶ ማዳመጥ ነው። ቃሉ ከተሰማ ማይክሮፎኑ ሕያው ነው፤ ጥፋቱም ከፕሮግራሙ ዘንድ ነው። ካልተሰማ ግን ጥፋቱ ከዚያ ቀድሞ ካሉት በሮች በአንዱ ነው። እኛም ልጁን ከመቅጃው ፊት አቁመን ስሙን እንዲናገር አደረግን፤ ምንም አልተሰማም።

የመጀመሪያው በር አካላዊ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ የማይክሮፎን ሥዕል ያለበት ቍልፍ አለ፤ እርሱ ሳይታሰብ ከተነካ ድምፁ ይዘጋል፤ በአንዳንዶቹም ትንሽ መብራት ይበራል። ቀዳዳይቱንም አቧራ ወይም የተለጠፈ ነገር ደፍኗት እንደ ሆነ ማየት ነው፤ በመርፌ መውጋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሽፋኑ ይቀደዳልና። በጠረጴዛ ላይ በሚቆመው ኮምፒዩተር ዘንድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ማይክሮፎን የለም፤ ከውጭ ይሰካለታል እንጂ። በዚያ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር ይኸውና፦ ለስልክ የተሠራው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ መስማቱንና መናገሩን በአንድ ላይ የያዘ ሲሆን በላዩ ሦስት ጥቋቍር ቀለበቶች ይታያሉ። በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ ግን ለመስሚያ አረንጓዴ፥ ለማይክሮፎን ሮዝ የሆኑ ሁለት ልዩ ልዩ ቀዳዳዎች ይገኛሉ። የስልኩን ማዳመጫ በአረንጓዴው ላይ የሰካ ሰው ይሰማል፤ ነገር ግን አይሰማም። መድኃኒቱም አንዱን መሰኪያ ለሁለት የሚከፍል አነስተኛ ገመድ ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ ማዳመጫ ነው። በዚያ ቤት ግን ቍልፉም ቀዳዳውም ደኅና ነበሩ።

ሁለተኛው በር የፈቃድ በር ነው። ኮምፒዩተሩ ለየፕሮግራሙ ማይክሮፎኑን የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ዘበኛ አለው። እርሱንም ለማግኘት «ሴቲንግስ» የሚለውን ከፍቶ፥ በዊንዶውስ 11 «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፥ በዊንዶውስ 10 «ፕራይቬሲ» ወደሚለው መግባትና «ማይክሮፎን» የሚለውን መጫን ነው። በዚያ ገጽ ሦስት ነገር መታየት አለበት፤ የመጀመሪያው ለመላው ኮምፒዩተር የሚሰጠው ፈቃድ፥ ሁለተኛው ለፕሮግራሞች በጠቅላላው የሚሰጠው ፈቃድ፥ ሦስተኛው ከገጹ ግርጌ የሚገኘው «ዴስክቶፕ አፕስ» ለተባሉት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ብዙ ሰው ላይኞቹን ከፍቶ የግርጌውን ይረሳል።

በዚያ ቤትም የላይኛው በር ተዘግቶ አገኘነው። አባትየውም ተደንቆ ለልጁ ታላቅ እኅት ስልክ ደወለ። እርሷም በዕረፍት ጊዜዋ ከቤት ሳለች፥ ኮምፒዩተር የቤትን ምሥጢር አድምጦ ለባዕድ ይሰጣል የሚል ወሬ ሰምታ፥ ቤተሰቧን ለመጠበቅ ብላ እንደ ዘጋችው ተናገረች። «ወንድሜ የሚማርበት መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብሁም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብላም አለቀሰች። እናትየውም «አንቺ ሌባ እንዳይገባ በሩን ዘጋሽ፤ አያትሽ በውጭ መኖራቸውን አላየሽም እንጂ ክፉ አልሠራሽም» ብላ አጽናናቻት። ይህም መልካም ፍርድ ነው። በሩን ከፍተን እንደ ገና ብንሞክር ግን ድምፁ አሁንም አልተሰማም። በዚህ ጊዜ አባትየው «ጠጋኙ እውነት ተናግሮ ይሆናል» ማለት ጀመረ፤ እናትየው ግን «ሴቲቱ እስክታገኘው ድረስ ፈለገች እንጂ እስኪደክማት ድረስ አይደለም» ብላ መለሰችለት።

ሦስተኛው በር የድምፅ መግቢያዎች ዝርዝር ነው። በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፥ ከዚያም «ሳውንድ» የሚለውን ሲከፍቱ «ኢንፑት» በሚል ርእስ ሥር ድምፅ የሚገባባቸው መሣሪያዎች ይዘረዘራሉ። አንዳንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሌላ መሣሪያ መርጦ ይገኛል፤ ለምሳሌ የካሜራውን ማይክሮፎን ወይም ቀድሞ የተገናኘውን የብሉቱዝ ማዳመጫ ሊጠብቅ ይችላል። ያን ጊዜ ትክክለኛውን መምረጥና መጠኑን ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ሲናገሩ የሚንቀሳቀሰው መሥመርም ምስክር ይሆናል። በዚያ ቤት ግን የማይክሮፎኑ ስም ከዝርዝሩ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ጠጋኙም «ሞቷል» ያለው ይህን አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ዳሩ ግን ከዝርዝር የጠፋ ሁሉ አልሞተም፤ የተሰወረም አለ። በዚያው የ«ሳውንድ» ገጽ ላይ በዊንዶውስ 11 «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ»፥ በዊንዶውስ 10 «ሳውንድ ኮንትሮል ፓነል» የሚለውን ሲጫኑ አንድ አነስተኛ መስኮት ይከፈታል። በእርሱም ላይ «ሬኮርዲንግ» የሚለውን መርጦ፥ በባዶው ቦታ ላይ የማውሱን ቀኝ ቍልፍ በመጫን «ሾው ዲስኤብልድ ዲቫይስስ» የሚለውን፥ ትርጓሜውም የተዘጉትን መሣሪያዎች አሳይ ማለት ነው፥ ምልክት ማድረግ ነው። እኛም ይህን ባደረግን ጊዜ የጠፋው ማይክሮፎን ደብዝዞ፥ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ተደርጎበት ብቅ አለ! ልጅቱ ለጥንቃቄ ብላ በሁለት ቦታ ቈልፋ አንዱን ረስታው ኖሯል። በስሙ ላይ ቀኙን ቍልፍ ተጭነን «ኢኔብል» የሚለውን መረጥን፤ ይኸውም ክፈተው ማለት ነው። ቀጥሎም «ሴት አዝ ዲፎልት ዲቫይስ» በሚለው ዋናው መግቢያ እንዲሆን አደረግን። ልጁም ስሙን ሲናገር አረንጓዴው መሥመር ከፍ ዝቅ እያለ መለሰለት።

በእነርሱ ቤት ፍለጋው በዚህ ቢያልቅም በሌላው ቤት የሚቀሩ በሮች አሉና እነርሱን ሳንነግር ማለፍ አይገባንም። አራተኛው በር በመሣሪያውና በኮምፒዩተሩ መካከል የሚቆመው አስተርጓሚ ነው፤ ባለሙያዎች «ድራይቨር» ይሉታል። አስተርጓሚው የታመመ እንደ ሆነ ሁለቱ ወገኖች ደኅና ሳሉ አይግባቡም። ይህን ለማየት «ስታርት» በሚባለው ምልክት ላይ ቀኙን ቍልፍ ተጭኖ «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚለውን መክፈትና «ኦዲዮ ኢንፑትስ ኤንድ አውትፑትስ» በሚለው ሥር መመልከት ነው። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ቢታይ የአስተርጓሚው መታመም ምልክት ነው። ድምፁ የጠፋው ኮምፒዩተሩ ራሱን ካደሰ በኋላ ከሆነ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሚለው ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፤ ምልክቱ ደብዝዞ የማይጫን ከሆነ ግን የሚመለሱበት የቀድሞ ድራይቨር አልተቀመጠም ማለት ነው። ያም ካልሆነ መሣሪያውን ከዝርዝሩ አውጥቶ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ነው፤ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ፈልጎ ይተክለዋል። አዲስ ድራይቨር ካስፈለገም ኮምፒዩተሩን ከሠራው ድርጅት ገጽ በሞዴሉ ቍጥር ፈልጎ ማውረድ ይገባል እንጂ፥ ሁሉን እፈውሳለሁ ከሚል ካልታወቀ ገጽ መቀበል አይገባም፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ ጋር መርዝ ያቀርባልና።

አምስተኛው በር መገናኛው ፕሮግራም ነው። ዙምም ሆነ ቴሌግራም ወይም ሌላ፥ እያንዳንዱ የራሱ የማይክሮፎን ምርጫ አለው። በኢንተርኔት ገጽ በኩል ለሚገናኝ ሰውም በአድራሻው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭኖ ማይክሮፎን መፈቀዱን ማየት ይገባዋል። ለዜማ ተማሪዎች ደግሞ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለን። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለንግግር ስለ ሆነ፥ ረዥም የተሳበውን ድምፅ እንደ ነፋስ ወይም እንደ ሞተር ጩኸት ቈጥረው ያጠፉታል፤ ርክርኩን ይቈራርጡታል። መምህሩም ልጁ የዘለለ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጩኸት ማጥፊያውን ዝቅ ማድረግ፥ በዙም ዘንድም «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን መክፈት ይጠቅማል። ድምፁም በመንገድ ጥቂት ስለሚዘገይ መምህርና ተማሪ በአንድነት ማዜም አይችሉም፤ ነገር ግን የአባቶቻችን የማስተማር ሥርዓት መምህሩ ሰጥቶ ተማሪው የሚቀበልበት ነውና መዘግየቱ ብዙ አይጎዳም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ ካልተመለሰ ማይክሮፎኑ በእውነት ተበላሽቶ ይሆናል። ያን ጊዜም ቢሆን ኮምፒዩተሩን መደምሰስ የመጨረሻው ነገር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በዩኤስቢ የሚሰካው ማዳመጫ የራሱን የድምፅ መሣሪያ በውስጡ ስለያዘ የውስጡን ሳይጠብቅ ያገለግላል፤ ከጎረቤት ተውሶ መሞከርም ይቻላል። እኛ ያየነው ኮምፒዩተርማ ቢደመሰስ ኖሮ ድምፁ መመለሱ አይቀርም ነበር፤ የተዘጋው በር ከቤቱ ጋር አብሮ ይፈርሳልና። ነገር ግን ይህ አይጥን ለማባረር ጐተራውን እንደ ማቃጠል ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ለማንም ጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት የምትወዱትን ሁሉ በፍላሽ ገልብጡ። ባለሙያውንም «ምን ተዘግቶ አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እውነተኛ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

ስለ ልጅቱ ፍርሃትም አንድ ቃል እንጨምር። ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም፤ በማይታወቅ ፕሮግራም እጅ የገባ ማይክሮፎን የቤትን ነገር ወደ ውጭ ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን ዘበኛ የሚቆመው ባዕዱን ከዘመድ ለመለየት ነው እንጂ ሁሉን ለመከልከል አይደለም። በፈቃዱ ገጽ የየፕሮግራሙ ስም ስለሚገኝ፥ ለምታውቁት ፈቅዳችሁ ለማታውቁት ከልክሉ፤ ትምህርቱ ሲያልቅም ዝጉት። በሩን የዘጋ ሰው ደግሞ የት የት እንደ ዘጋ ለቤተሰቡ ይንገር፤ ወይም በወረቀት ጽፎ ከኮምፒዩተሩ ሥር ያኑር። በዚያ ቤት ሦስት እሑድ የጠፋው በክፋት ሳይሆን ባለመነጋገር ነው።

በሚቀጥለው እሑድ እኛም ከቅዳሴ በኋላ ወደዚያ ቤት ሄድን። በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ለብሶ ልጁ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። አረጋዊው ተለምነው ነበርና ስልኩን ይዘውላቸው ቀረቡ፤ ፊታቸው ግን ተስፋ የቈረጠ ሰው ፊት ነበር። ልጁም የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ጀመረ። ጥቂት እንደ ሄደ አረጋዊው እጃቸውን ከጆሯቸው ላይ አደረጉ። ምንም አላሉም፤ ልጁም የማይሰሙት መስሎት ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚህ ጊዜ አረጋዊው ድንገት፥ «ቁም! እዚያች ላይ ድፋቱን ዘለልኸው፤ ከመጀመሪያው ጀምር!» ብለው ተቈጡ።

በቤቱ ያለ ሁሉ በደስታ ሳቀ፤ እናትየዋም በነጠላዋ ዐይኗን ጠረገች። ተግሣጽ እንዲህ ያለ ደስታ ሲያመጣ ያየነው ያን ቀን ነው፤ መገሠጽ መሰማት ነውና። ልጁም «እሺ የኔታ» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ለአንኮበር መድኃኔ ዓለም ክብረ በዓልም አባቱ ይዞት እንደሚወጣና በአያቱ አጠገብ ቆሞ እንደሚያዜም ቃል ተገባለት፤ መሣሪያው ድምፅን ያደርሳል እንጂ በቅኔ ማኅሌት መቆምን አይተካምና።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፥ በየቤታችን ኮምፒዩተር ብቻ አይደለም የተዘጋ በር ያለው። ምክራችንን ሁሉ የሚሰማ፥ የእርሱን ቃል ግን ማንም የማይሰማው ልጅ በማዕዳችን ዙሪያ አለ። ዝም ማለቱን አይተን «ይህ ልጅ ጠፍቷል» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፥ መብራታችንን አብርተን የተዘጋውን በር እንፈልግ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።